በየሦስት ቫልሱ፦ የአቶ ሬዢ ቬርኞል የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጆች፤ ወደ ሟቹ የሕይወት ታሪክ ከመግባታችን በፊት አንድ ማስታወቂያ አለ። በሳን-ማርሲያል መንደር አዳራሽ የቡና ማሽኑና የድምፅ ማጉያው የሚሠሩት በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ መስመሩ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ተነቦ እስኪያልቅ ድረስ ቡና አይኖርም። ይህ በአጽንኦት እንዲነገር የጠየቁት የአዳራሹ ወጥ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ዢኔት ናቸው።

አቶ ሬዢ ቬርኞል ከአባታቸው ከአቶ ኤሎዋ ቬርኞልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦዴት ፋርዥ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1961 በኮሬዝ አውራጃ፣ እዚሁ ሳን-ማርሲያል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቤት ተወለዱ። አቶ ኤሎዋ በሥራ ቀን ጣሪያ ሠሪ፣ ቅዳሜ ደግሞ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። በዚያን ዘመን በዙሪያችን ባሉ መንደሮች እርሳቸው ያልተጫወቱበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ሬዢ የተወለዱት ቅዳሜ ዕለት ስለነበረ አባታቸው ልጃቸውን ያዩት እሑድ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ኦዴት ይህን የሚያነሣባቸው ሰው ሲኖር «የተቀጠረበት ሥራ ነበረው» ብለው ያልፉት ነበር፤ ግን ሰውየው ሁለተኛ እንዳያነሣው አድርገው ነው የሚሉት።

ሬዢ ገና በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው ወደየጭፈራው ይሄዱ ነበር። እንቅልፍ ሲመጣባቸው በአኮርዲዮኑ ባዶ ሣጥን ውስጥ ይተኙ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ ድምፅ በሌለበት ቤት እንቅልፍ ያልወሰዳቸው ከዚያ የተነሣ ነው ይባላል። አቶ ኤሎዋ አኮርዲዮን ሊያስተምሯቸው ብዙ ጥረዋል። ከሦስት ክረምት በኋላ ውጤቱን ለቤተሰቡ ሲያስታውቁ «ቀኝ እጁ የእኔ ነው፤ ግራ እጁ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም» ብለዋል። ሬዢ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርታቸውን ደግሞ በቱል ከተማ አጠናቀው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

በ1978 ከመንደራችን ወጣ ብሎ በዋናው መንገድ ዳር የነበረ አሮጌ የከብት በረት ተጠርጎ፣ ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት ተሰቅሎለት ዲስኮ ቤት ሆነ። ሬዢ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ኮት ተቀባይ ሆነው ተቀጠሩ። ዓለም ዘግይቶ ያደነቀውን ሙያቸውን የተማሩት እዚያ፣ ኮቶቹ መካከል ቆመው ነው። አንዱ ሸክላ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር ሰዎች ኮታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ዝም ካላለ አይመጡም። በዓመቱ ሸክላ የሚያጫውተው ሰው ለውትድርና ሲጠራ ሬዢ ቦታውን ያዙና የመጀመሪያ ሥራቸው ዝምታውን ማጥፋት ሆነ። አንዱ ሸክላ ሳያልቅ ሌላውን በማዳመጫ እያዳመጡ፣ ፍጥነቱን በጣታቸው እያስተካከሉ ከሥሩ ያስገቡታል፤ የሚጨፍረው ሰው ዘፈኑ መለወጡን የሚያውቀው ከተለወጠ በኋላ ነው። «ዝምታ ሲገባ ሰው ኮቱ ትዝ ይለዋል» ይሉ ነበር።

የዲስኮ ቤቱ ኮት መስቀያ በሞላ ቁጥር አቶ ኤሎዋ አኮርዲዮን የሚጫወቱበት የጭፈራ አዳራሽ ጎደለ። በ1981 አንድ ቅዳሜ አቶ ኤሎዋ አኮርዲዮናቸውን ተሸክመው ቢሄዱ የጠበቋቸው አዳራሽ ጠባቂውና የአዳራሽ ጠባቂው ሚስት ነበሩ። ለሁለቱ ጥንድ ሆነው እየዞሩ የሚጨፍሩበት አንድ ቫልስ ተጫውተውላቸው ተመለሱ። በማግስቱ የእሑድ ምሳ ላይ የሆነውን ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«እዚያ በረት ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ኤሎዋ።

«ሸክላ አጫውታለሁ፣ አባባ።»

«ሸክላው በራሱ አይዞርም?»

«ይዞራል።»

«ታዲያ አንተ ምን ታደርጋለህ?»

«እንዳይቋረጥ አደርጋለሁ።»

«ዘፈን ማለቅ አለበት!» አቶ ኤሎዋ ቢላቸውን አስቀመጡ። «ካላለቀ ሴትዮዋን ወደ ወንበሯ የምትመልሳት መቼ ነው? ወይኑንስ የምትጎነጨው? የማያልቅ ዘፈን የጎረቤቴ ትራክተር ነው።»

«እኔ አይብ ላቅርብ?» አሉ ወይዘሮ ኦዴት።

«አንድ ቀን እርስዎም በእኔ ሸክላ ይጨፍራሉ» አሉ ሬዢ።

«ያን ቀን አፌ ውስጥ ጥርስ አይኖርም» አሉ አባት። ቀጥለውም ይህ ልጅ ሸክላ በሚያጫውትበት ቤት እግራቸውን እንደማያስገቡ በአይቡ ፊት ቃል ገቡ። በቬርኞል ቤት በአይብ ፊት የተባለ ነገር አይመለስም።

አቶ ሬዢ ውትድርናቸውን ጨርሰው በ1983 ፓሪስ ገቡ። ቀን በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሕንፃ ላይ እየዋሉ፣ ከሥራ ውጪ በየምድር ቤቱ ሸክላ ማጫወት ቀጠሉ። ሸክላ የሚገዙበት መደብር ባለቤት ወይዘሪት ናዲራ ቤልካሴም ትባል ነበር። የተዋወቁት እርሳቸው አንድ ሸክላ ሊመልሱ ሄደው ነው።

«ተጭሯል?» አለች ናዲራ።

«አልተጫረም። መጨረሻው ላይ ዝምታው ይበዛል።»

«ዝምታውን እኔ አልዘፈንኩት» ብላ ሸክላውን ሳትቀበላቸው ቀረች። በ1990 ከፓሪስ አጠገብ ባለችው በሞንትረይ ማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። በሠርጉ አቶ ኤሎዋ የማዕዱ መዝጊያ አይብ እስኪቀርብ ድረስ አኮርዲዮን ተጫወቱ። አይቡ ሲነሣ ልጃቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሸክላ ማጫወቻውን ሲያወጡ፣ እርሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ሙሽሪትን ሁለት ጊዜ ስመው ወጡ። ቃል ቃል ነው። ከዚህ ጋብቻ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟም በአያቷ ስም ኤሎዊዝ ተባለ። አቶ ኤሎዋ ይህን ሲሰሙ «ስሙ መጥፎ አይደለም» አሉ።

በ1993 አቶ ሬዢ በሞንትረይ ቤታቸው ኩሽና ውስጥ፣ መሣሪያዎቻቸውን ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ወናፍ» የተባለውን ሥራቸውን አቀናበሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚሰማው፣ እንደ ሰው ትንፋሽ የሚወጣና የሚገባው ድምፅ የአባታቸው አኮርዲዮን ወናፍ ነው። ኖታ የለም፣ ዜማ የለም፤ ትንፋሹ ብቻ። እህታቸው ወይዘሮ ማሪዝ እሑድ ጠዋት አባታቸው አኮርዲዮኑን ሲያጸዱ መቅጃ ይዘው በር ጀርባ ቆመው የቀዱት ነው። «ወናፍ» በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በጃፓን ከፍተኛ ተወዳጅነት አገኘ፤ በፈረንሳይም ከዚያ በኋላ አገኘ።

አቶ ኤሎዋ ሥራውን የሰሙት ሥጋ ቤት ወረፋ ይዘው ሳለ በሬዲዮ ነው። ጭንቅላታቸውን አዘንብለው እስኪያልቅ ቆሙ። ሥጋ ሻጩ አቶ ዴልፒ «ምን ይቆረጥልዎ?» ሲሉ፣ «ይህ ወናፍ ያፈሳል፤ በግራ በኩል» አሏቸው። ቤታቸው ተመልሰው አኮርዲዮኑን ጭነው ቱል ወሰዱት፣ ተጠገነም። በዕለቱ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አቶ ኤሎዋ ስለ ወናፍ በጠቅላላው እንደተናገሩ ሆኖ ዝም አለ። በመንደራችን ዝም የማለት ችሎታ ያኔም ከፍተኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉንም ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። አቶ ሬዢ በበርሊን፣ በቶኪዮ፣ በሳኦ ፓውሎ፣ በማራኬሽ ተጫውተዋል። በላ ሮሼል ባሕር ዳርቻ ያሰባሰቡት ሕዝብ ከኮሬዝ ከተሞች ሁሉ ሕዝብ ይበልጥ ነበር፤ ከእኛ መንደር ሄዶ ያየ ሰው ከብቶቹም ተቆጥረው ነው ይላል። ከባህል ሚኒስቴር ኒሻን ተሸልመዋል። በሽልማቱ ዕለት አቶ ኤሎዋ ጣሪያ ላይ ሥራ ስላለባቸው አልተገኙም። ወሩ ጥር ነበር፣ በረዶ ነበር፣ ጣሪያውም የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከጃፓን የመጣውን ትልቅ ፖስተር ፖስተኛዋ ስታደርስላቸው ግን ጃፓንኛውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው «ስሙን በትክክል ጽፈውታል» አሉ። ፖስተሩን በሥራ ክፍላቸው በር ጀርባ ሰቀሉት። በሩ ክፍት ሲሆን አይታይም፤ ሲዘጋና ሰውየው ብቻቸውን ሲሆኑ ይታያል።

ወይዘሮ ኦዴት በ2011 አረፉ። አባትና ልጅ ከመቃብር ሲመለሱ ስለ ቤቱ የውኃ መውረጃ ቱቦ ተነጋገሩ። ቱቦው መለወጥ እንዳለበት ተስማሙ። ለሠላሳ ዓመት ከተስማሙባቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነበር።

አሁን ወደ ሙሴ፣ ማለትም በእኛ አፍ ወደ አቶ፣ አርማን እንመጣለን።

የሳን-ማርሲያል ማዘጋጃ ቤት በየዓመቱ በጥር ወር ሦስተኛ እሑድ ለአዛውንቶች ምሳ ያበላል። የዳክዬ ጉበት አለ፣ የጥጃ ሥጋ በእንጉዳይ አለ፣ አይብ አለ፣ የዋልነት ኬክ አለ፣ በየመካከሉ ቫልስ አለ። በ2012 ሙዚቃውን ያጫውት የነበረው ሰው ዳሌው ተሰብሮ ቀረ። ከንቲባችን ወይዘሮ ሶላንዥ ፔራ ከሬዢ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው የተማሩ ናቸውና ደወሉላቸው።

«ሬዢ፣ ቫልስና ታንጎ የሚያጫውት ጨዋ ሰው ታውቃለህ?»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አንተ? አባትህ ወንበራቸውን ይዘው ነው የሚወጡት።»

«እኔ መሆኔን ማን ይነግራቸዋል?»

«ፊትህ።»

«ፊቱን ለእኔ ተይው።»

አቶ ሬዢ ለዚያ እሑድ በባርሴሎና የነበራቸውን ዝግጅት ሰርዘው፣ ኮፍያ አጥልቀው፣ ወፍራም መነጽር አድርገውና ፓሪስ ከቲያትር ዕቃ ሻጭ የገዙትን ጢም ለጥፈው መጡ። ጢሙ በጣም ጥሩ ስለነበር በአውራጃችን እንደ እርሱ ያለ የሚበቅል ጢም አልነበረም። ከንቲባዋ «ከብሪቭ ከተማ የመጡ ሙሴ አርማን» ብለው አስተዋወቋቸው። አቶ ኤሎዋ ከአዳራሹ ማሞቂያ ራዲያተር አጠገብ እንደተቀመጡ አንገታቸውን በትንሹ ሰበር አደረጉ።

በዚያ ምሳ ላይ የተፈጠረውን ስሕተት ሊፈጥር የሚችለው ሠላሳ ዓመት ዲስኮ ቤት የኖረ ሰው ብቻ ነው። ሙሴ አርማን የመጀመሪያውን ቫልስ አጫወቱ። ሊያልቅ ሲል እጃቸው በራሱ ሄዶ ሁለተኛውን ከሥሩ አስገባ። ከዚያ ሦስተኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን። የእኛ አዛውንቶች ደግሞ ጨዋ ናቸው፤ ዘፈን ሳያልቅ ባልደረባውን መሐል ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ አንድም የለም።

«አሁን ያልቃል» እያሉ ይዞራሉ አቶ ዴልፒ።

«መቼ?» ይላሉ አብረዋቸው የሚዞሩት፣ ያኔ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ ሻሰን።

«አሁን።»

«ባለፈውም ዙር አሁን ብለው ነበር!»

ወይዘሮ ዢኔት ጭልፋ እንደያዙ ከወጥ ቤት ወጥተው «ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው፣ እናንተ ሰዎች!» ብለው ጮኹ። የሚሰማቸው ቢኖርም የሚቆም አልነበረም። በመጨረሻ ከንቲባዋ በአንገታቸው ላይ እጃቸውን እንደ ቢላ ሲያደርጉ ሙሴ አርማን ነቅተው ድምፁን ዘጉ። አቶ ዴልፒ ከአቶ ኤሎዋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ይህ ሰውዬ ማቆም አያውቅም» አሉ አቶ ኤሎዋ።

«ከየት ነው አሉ?»

«ከብሪቭ።»

«የብሪቭ ሰው እንዲህ ነው» አሉ አቶ ዴልፒ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

በዚያች ሰዓት በአዳራሹ ውስጥ ሙሴ አርማን ማን እንደሆኑ ያላወቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ሥጋው ዞረ። ስለ እንጉዳዩ ብዙ ተወራ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ሬዢ ጢማቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ከፓሪስ ገና እንደ ደረሱ ሆነው አባታቸው ቤት ገቡ።

«ምሳው እንዴት ነበር፣ አባባ?»

«አንድ የብሪቭ ሰውዬ መጥቶ ነበር።»

«ጥሩ ነው?»

«ሸክላ መምረጥ ያውቃል። ማቆም ግን አልተማረም።»

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ አቶ ኤሎዋ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደው «ሶላንዥ፣ ለዚያ ለብሪቩ ሰውዬ ንገሪው፤ በየሦስት ቫልሱ ያስቀምጠን» አሉ። መልእክቱ ደረሰ። አቶ ሬዢ ሞንትረይ ውስጥ፣ የዓለም ዋንጫ ያህል ሕዝብ ሲያስጨፍሩ በኖሩባቸው መሣሪያዎች ፊት ተቀምጠው፣ ዝም ማለትን መለማመድ ጀመሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ናዲራ ያገኟቸው ሰዓት እያዩ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምንም።»

«እሱንማ አያለሁ። ሰዓቱ ለምንድን ነው?»

«አንድ ሰው ሴትዮዋን ወደ ወንበሯ መልሶ ወይኑን አንዴ እስኪጎነጭ ምን ያህል ይፈጅበታል?»

ወይዘሮ ናዲራ አሰቡ። «ሰውየው ጉልበቱ እንዴት ነው?» አሉ።

ከዚህ ልምምድ የተነሣ በሚቀጥለው ሥራቸው ውስጥ ዝምታዎች ገቡ። የሙዚቃ ሐያሲያን ዝምታዎቹን እጅግ አደነቁ፤ አርቲስቱ የብስለት ዘመናቸውን እንደ ጀመሩ ተጻፈ፣ ከአንድ ታላቅ ፈላስፋ ጋርም ተነጻጸሩ። ቤተሰቡ በዚህ ሁሉ ኮርቷል። የአቶ ዴልፒን ጉልበት ያነሣ ሐያሲ ግን አልነበረም።

በ2014ቱ ምሳ ላይ ሙሴ አርማን ከአንድ አሮጌ ቫልስ ሥር በጣም ዝቅ አድርገው የአባታቸውን አኮርዲዮን ትንፋሽ አስገቡ፤ አዲስ ቅጂ ነው፣ ወይዘሮ ማሪዝ እንደገና በር ጀርባ ቆመዋል። አቶ ኤሎዋ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ። ተነሡ። ወይዘሮ ኦዴት ከሞቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ለወይዘሮ ሻሰን ዘርግተው ቫልሱን እስከ መጨረሻው ጨፈሩ። ጥርሳቸው ያኔ ከሞላ ጎደል ሰው ሠራሽ ነበር። ሲቀመጡ ለአቶ ዴልፒ «አሁን አያፈስም» አሏቸው። አቶ ዴልፒ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

ቶኪዮ ድረስ አብረው የሄዱት ወይዘሮ ማሪዝ ወንድማቸውን እንደዚያ ቀን ሆነው አይተዋቸው አያውቁም። ጢሙ እርጥብ ነበር። ዕቃ ሲሰበስቡ ግን ደስታቸው ሙሉ አልሆነም።

«ጨፈሩልህ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉ ማሪዝ።

«የጨፈሩት ለአርማን ነው» አሉ ሬዢ።

«አውልቀው ታዲያ ጢሙን።»

«ካወለቅኩት መውጣት አለባቸው። ቃል አለባቸው።»

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ሙሴ አርማን በየጥሩ እየመጡ በየሦስት ቫልሱ ሰዉን አስቀመጡ። አቶ ኤሎዋ በየዓመቱ አንድ ቫልስ ጨፈሩ፣ ማታውንም ለልጃቸው የብሪቩ ሰውዬ እየተሻሻለ መሆኑን ነገሩ። መንደሩም ሙሴ አርማንን ስለ ብሪቭ አየር ሁኔታ ይጠይቃቸው ነበር።

በ2022 መጸው አቶ ሬዢ ጣቶቻቸው ትእዛዝ አልሰማ አሏቸው። ሕመሙ የነርቭ እንደሆነ፣ ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድም ወደ ትንፋሽ እንደሚሄድ ሐኪሞች ነገሯቸው። ትላልቅ ዝግጅቶቻቸውን አንድ በአንድ ተዉ። አንዱን ብቻ አልተዉም። ከ2024ቱ የጥር ምሳ በኋላ ወደ ፓሪስ ሳይመለሱ በአባታቸው ቤት፣ ሥራ ክፍል በነበረችው ምድር ቤት ክፍል ተኙ፤ ፖስተሩ ከበሩ ጀርባ ተነሥቶ ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቀለ። ማርች 9 ቀን 2024 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በሥራ ዘመናቸው ያለ በቂ ምክንያት ቅዳሜን ያረፉበት ጊዜ የለም፣ ይህም አይደለም።

አባታቸው አቶ ኤሎዋ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ናዲራ፣ ልጃቸው ኤሎዊዝ፣ እህታቸው ወይዘሮ ማሪዝና የእህታቸው ባል የሆነው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሐዘን ጋር ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሞቅ ያለ ወንበር ሰጥቶ ያሳርፋት፤ አለማረፍ ልማዷ ነውና፣ ቢያንስ በየሦስት ቫልሱ።

የቀረው ይህ ብቻ ነው። አባታቸው ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አስነብበው ከሰሙ በኋላ፣ የመጨረሻውን የጥር ምሳ በመጨረሻ እንድናስቀምጠው አዘዋል። «ሌላውን ጋዜጣም ይጽፈዋል» ነው ያሉት።

በዚያ እሑድ ሙሴ አርማንን ወንበር ላይ ያስቀመጧቸው ወይዘሮ ናዲራ ናቸው። ፊታቸው ከስቶ ስለነበር ኮፍያው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል፣ ጢሙም እንደ ድሮው አልያዘም። ሦስት ቫልስ ተጫወተ። ዝምታው ገባ። ወንዶች ሴቶቹን ወደ ወንበራቸው መለሱ፣ ወይን ተጎነጩ፣ እንደገና ተነሥተው መሐል ሜዳ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆሙ። ሙዚቃ የለም። ቆመው ጠበቁ። ዝምታው ከሞንትረዩ ልምምድ አለፈ። ሰው ሁሉ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ።

«እኔ አልነካሁትም!» አሉ ወይዘሮ ዢኔት ሁለት እጃቸውን አንሥተው። «ማሽኑ አልተሰካም!»

ያኔ ወደ ሙሴ አርማን አዩ። ሸክላው በሁለት እጃቸው መካከል ነበር፤ ከጠረጴዛው አልነሣ ብሏቸዋል። የጢሙ ግራ ጎን ተነቅሎ ወደ አገጫቸው ተንጠልጥሏል። መንደሩ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ አንዱ ጫማውን አየ፣ ሌላው መብራቱን።

አቶ ኤሎዋ ከራዲያተሩ አጠገብ ተነሡ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ምርኩዛቸውን እየመቱ፣ ጥንድ ጥንድ በቆሙት ሰዎች መካከል አዳራሹን አቋርጠው ሄዱ። ከሙሴ አርማን ፊት ቆሙ። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው ጢሙን በቦታው መለሱና እስኪይዝ ድረስ ተጭነው ቆዩ።

«ሰው ቆሟል» አሉ። «የቱ ነው ቀጣዩ?»

ሙሴ አርማን በዐይናቸው አሳዩ። አቶ ኤሎዋ ሸክላውን ወስደው ማጫወቻው ላይ አደረጉ፣ መርፌውን ጣሉት። መርፌው ክፉኛ ጮኸ።

«ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ?» አሉ አቶ ኤሎዋ።

«ቀስ ብለው፣ አባባ» አሉ ሙሴ አርማን።

አቶ ኤሎዋ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። እስከ ኬኩ ድረስ ሸክላዎቹን የለወጡት እርሳቸው ናቸው። በሁለት ቫልስ መካከል ያለው ዝምታ አንዴ ረዘመ፣ አንዴ አጠረ፤ ኮቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ኬኩ ሲቀርብ አቶ ኤሎዋ ዘፈኑ መሐል ላይ ሳለ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው ጮክ አሉ።

«ዢኔት! ለልጄ ቡና አምጪለት።»

ወይዘሮ ዢኔት በሩ ላይ ቆሙ። «አሁን ከሰካሁት ሙዚቃው ይቋረጣል እኮ፣ አቶ ኤሎዋ።»

«ይቋረጥ።»

ተሰካ። ተቋረጠ። ጨፋሪዎቹ ባሉበት ቆሙ፣ ወደ ወንበሩም የተመለሰ የለም። ቡናው መጣ። አቶ ሬዢ ጢማቸውን በሁለት ጣታቸው ሊያወልቁ ሞከሩ፣ አልቻሉም። አባታቸው አወለቁላቸው፣ የስኒው ሳህን ጠርዝ ላይ አስቀመጡት፣ ስኒውንም ያዙላቸው።